እስከ አጥሩ ማዶ

ጅማ፣ ጥር 1983

ሶረቲዬ፣

ካርዷ ጠባብ ስለሆነች የትናንቱን ብቻ ልጻፍልሽ። የተማሪዎቹ የአምልኮ ጉባኤ እዚሁ ጅማ፣ በቾ ቦሬ የሚባለው ሰፈር ነው። እኔ ወጥ ቤት አገለግላለሁ፤ ሰው እንዳያየኝ ብዬ የመረጥኩት ሥራ መሆኑን አንቺ ታውቂያለሽ።

ድስት ያዋሱን ጎረቤታችን እትዬ ለጢፋ፣ ጉባኤው ሲዘምር በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው፣ "ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ የታመመ ሰው ያቃስታል እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ የለም፣ እየዘመሩ ነው።"

"ይሄ ሁሉ ሰው? እኔ እኮ ንብ የገባባችሁ መስሎኝ ነበር!"

እውነታቸውን ነው። ለካ ከየአገሩ የመጣው ሁሉ፣ እንደ እኛ እንደ ሰኮሩዎቹ፣ በእገዳው ዘመን በር ዘግቶ፣ ዝማሬው ውጭ እንዳይሰማ ሬዲዮ ከፍቶ፣ በሹክሹክታ መዘመር ለምዷል። አሁን ተፈቅዶልን እንኳ ድምፃችን አልወጣም።

ለመሪያችን ለከፈለ ነገርኩት። ሳቀና "በይ እንግዲህ አንቺው ጀምሪልን" አለኝ። ሶረቲ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት እጄን በሽርጤ ጠቅልዬ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። የሰማሁት ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም። ከዚያ ሁሉም ተቀበሉኝ፤ የጣሪያው ቆርቆሮ ነዘረ!

ድስቱን ስመልስ እትዬ ለጢፋ "አልሃምዱሊላህ፣ ዳናችሁ! ቡና ማስጣቱን ትቼ ስሰማችሁ ቆየሁ" አሉኝ። እስካሁን ፈገግ እንዳልኩ ነኝ።

ቦታው አለቀብኝ። እናትሽንና ጋሼ ቱሉን ሳሚልኝ። እሁድ እመጣለሁ፤ ስንዘምር ሬዲዮኑን እንዳትከፍቺው።

ትርፌ