ምላጭ ይዤ ስቆም

ለውዷ እታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው? አማቼንስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። መኪና የቀማኝ እግሬ በሰው ሠራሽ ከተተካ ወዲህ እንኳ ወፍሬያለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሥራውን ተውና ና፣ ጓዳውን አጽድቼልሃለሁ፣ ተቀምጠህ ብላ ብለሻል። ፍቅርሽ ቢገባኝም ተናደድኩብሽ፣ ምን ልደብቅሽ። በቁሜ ቀበርሽኝ እኮ! የደንበኛዬን ጆሮ ወሬ ያደረሰልሽም ማን እንደሆነ አላጣሁትም፤ ያ አፉ የማያርፍ የአክስታችን ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደንበኞቼ ግማሹ ፀጉር ቤቱ የሚመጣው ለጨዋታዬ ነው፤ "ሬዲዮ" የሚሉኝም ለዚሁ ነው። ድሮ እጄም አፌም እግሬም በየፊናቸው ይሠሩ ነበር። ይሄ አዲሱ እግር ግን መሬት ሲረግጥ አይነግረኝም፤ ሐሳቤ ለአፍታ ከተወው ይከዳኛል። አንዱን ደንበኛ እየላጨሁት ስለ አማቱ ሲያጫውተኝ ሳቄ አመለጠኝ፤ የብረቱ ጉልበት ታጠፈና ጆሮውን ጫር አደረግኩት። ደሙ ጠብታ ነው፤ ጩኸቱ ግን በሬ የታረደ ያስመስል ነበር። የፀጉር ቤቱ ባለቤትም ወንበሬን ለሌላ ሰጥቶ እኔን ፎጣ አጠባ ላይ ጣለኝ።

መራመድ የምታለማምደኝ ባለሙያ ጭራሽ "ወይ አውራ፣ ወይ ተራመድ" አለችኝ። ዝም ብሎ የሚላጭማ ሬሳ ገናዥ ነው አልኳት። ስቃ ስታበቃ ጢም ብሎ የሞላ ኩባያ ውኃ አስይዛ፣ እያስወራች ታመላልሰኝ ጀመር። ጫማዋን ስንቴ አጠብኩላት መሰለሽ! ቀስ በቀስ ግን ዘዴው ገባኝ፤ እግሬ ሲነሳ እጄ ይቆማል፣ እጄ ሲሠራ እግሬ ይተከላል። አፌ ማንንም አይጠብቅም።

ያኔ ባለቤቱን በደንበኞቹ ሁሉ ፊት፣ ጢምዎን እኔ ልላጭዎት፤ ከቆረጥኩዎት ፎጣ ሳጥብ እኖራለሁ፣ ካልቆረጥኩዎት ወንበሬን ይመልሱልኝ አልኩት። ሰው እያየው እንዴት እምቢ ይበል? ተቀመጠ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲያርፍ ምራቁን መዋጥ ፈራ፤ እኔ ግን ወሬዬን ለቀቅኩት! መሀል ላይ አንዱ በሩን በርግዶ ገብቶ "ሬዲዮ!" ብሎ ጮኸ። ዞር ከማለቴ እግሬ ሸተት አለ። እጄ ግን ቀድሞ ምላጩን ወደ ላይ አንስቶት ነበር። እግሬን መልሼ ተከልኩ፣ ወሬዬንም ሳላቋርጥ ጨርሼ ፊቱን ጠረግኩለት። ባለቤቱ አገጩን በመስታወት ግራ ቀኝ አየና፣ ወንበሩ ያንተ ነው፣ የአማት ወሬ ግን እዚህ ቤት ሁለተኛ አይነሳም አለኝ።

ስለዚህ አልመጣም። ጓዳውን እህል አስቀምጪበት። መውደቄ አይቀርም፣ አውቃለሁ፤ ብወድቅም ሥራዬ ላይ ልውደቅ።

አማቼን ሰላም በይልኝ፤ ሳሉን ንቆ እንዳይተወው። ትንሿን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ለዓመት እረፍቴ ስመጣ እግሬን እንደ በር ታንኳኳዋለች። ለእማዬ ይህን ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ የጆሮውን ነገር ግን ዝለዪው። ልጄ ምነው ተቀምጦ ቢበላ ብላ ካለቀሰች፣ እዚያ ፀጉር ቤት የሚቀመጡት ደንበኞቹ ናቸው በያት።

ወንድምሽ

ከፀጉር ቤቱ፣ ከመስታወቴ ፊት
ቅዳሜ፣ የካቲት ፲፪ ቀን