በአንዲት ኩይ ከድህነት ስላወጣችሁን

ለተከበራችሁ የኑሮ አኃዝ ክለሳ ባለሙያዎች ኮሚቴ አባላት
ኪቶ

ክቡራንና ክቡራት፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ልጆቻችሁስ ደህና ናቸው? የእኔ ናርሲሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሚጥል በሽታ አለባት። እስካሁን ጤና ጣቢያው ለድሃ ቤተሰብ በነጻ በሚሰጠው ክኒን ደህና ነበረች። ባለፈው ሰኞ ግን መድኃኒት የምታድለዋ ልጅ «እንኳን ደስ ያለዎት ዶን ሴጉንዶ! በአዲሱ ክለሳ ሰፈራችሁ በሙሉ ከድህነት ወጥቷል፤ ክኒን የለም» አለችኝ። ሳልሰማ ስለበለጸግሁ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. መጋቢት ላይ ጠያቂያችሁ የኑሮ መጠይቅ ልትሞላ እኛ ኮረብታ ድረስ ስለወጣች አመሰግናለሁ። እንግዳ ባዶ አፏን አትሸኝምና ባለቤቴ ክላሪታ ማድቤት ለሥጋ ከምናረባቸው፣ ጥንቸል እንኳ ከማያክሉ ሦስት ኩዮች ትልቋን አርዳ፣ ጠብሳ፣ ከድንች ጋር አቀረበችላት። እኛ ቆመን ስትበላ አየን። እሷም ጣቷን ጠርጋ «ቤተሰቡ ሥጋ ይመገባል» ብላ ጻፈች።

2. «ምግብ አጥሯችሁ ያውቃል?» ስትለኝ «ኧረ ምን ጎድሎብን፣ እግዚአብሔር ይመስገን!» ያልኩት እኔው ነኝ። እየበላች ላለች እንግዳ ሌላ ምን ይባላል?

3. በአዲሱ አሠራራችሁ አንድ ቤት ብዙ ቤት ይወክላል። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ በለጠፋችሁት፣ ስም በማይጠራ ወረቀት መሠረት «ሥጋ ይመገባል» የተባለው የእኛ ቤት የቆመው ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ነው። በዚያች ኩይ ይህ ሁሉ ቤት ጠገበ ማለት ነው። ጌታችን ሕዝቡን ሲያበላ እንኳ ዓሣው ሁለት ነበር።

4. ጎረቤቴ ዶን አንሴልሞ «ሥጋ በላሁ ያለው ቀበጥ ማነው? ባገኘው!» እያለ ይዞራል። እኔም «እውነት፣ ማን ይሆን?» እላለሁ።

5. ስደውልላችሁ፣ ስህተት ካለ በሚቀጥለው ክለሳ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ እንደሚታረም በትህትና ነግራችሁኛል። ክኒኑ ሐሙስ ያልቃል። የግል መድኃኒት ቤት ዋጋውን ጠይቄ የምቀመጥበት ወንበር ፈለግሁ። ግማሽ ግማሽ ልስጣት ብል የጤና ጣቢያው ነርስ «እንዳታደርገው!» ብላ ጮኸችብኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ጠያቂዋን ከሐሙስ በፊት መልሳችሁ ላኩልን። አሁን ውሃ ብቻ ነው የምናቀርበው። ክላሪታ ግን «ውሃ ብቻ? እኔ አላፍርም እንዴ?» ብላለችና ለቀሩት ሁለት ኩዮችም እፈራለሁ።

ጥበባችሁ እንዳይጎድልብን እየለመንኩ፣ እጅ እነሳለሁ።

ሴጉንዶ ጓሚንጋ፣ ከሪዮባምባ
ሳይጠየቅ የአራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ተወካይ

ማሳሰቢያ፦ ከሐሙስ በኋላ ከእናንተ አንዱ ሊያስታምማት ከመጣ፣ ስትወድቅ በጎኗ ያስተኛት፤ አፏ ውስጥ ምንም እንዳይከት፤ ሰዓት እያየ ደቂቃውን ይቁጠር። አምስት ካለፈ ተሸክሟት ይሩጥ። አደራ፣ በትክክል ይቁጠር፤ አማካይ እንዳይወስድ።