ለማን ልላክ?

ወንድሜ ሃይደር፣

ዛሬ ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ ውስጥ ኢ-ሜይል ሳስገባ ዋልኩ። ደብዳቤህን ኮምፒውተር ላይ ጽፈህ በስልክ መስመር ትልከዋለህ። የቢሮው ባለቤት ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ «መሥራቱን እንዳምን ለአንድ ወዳጅህ ላክና አሳየኝ» አሉኝ። እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። አድራሻ ያለው አንድም ሰው አላውቅም።

«ለማን ልላክ?» ስላቸው ሳቁ፤ እኔ ግን የምሬን ነበር። ደሴ ከቤት ፒያሳ እስክንደርስ ስንቱን ሰላም እንላለን! እዚህ ከወሎ ሰፈር ኦሎምፒያ በየቀኑ በእግሬ እመላለሳለሁ፤ ሁለት ወር ሙሉ ስሜን ጠርቶ ሰላም ያለኝ የለም።

በመጨረሻ ከእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ለራሳቸው ላክሁላቸው፦ «ደረሰዎት?»

ከውስጠኛው ክፍል በአንድ ጣት እየለቀሙ በእንግሊዝኛ ፊደል መለሱልኝ፦ «ደርሶኛል ጣሃ። ምሳ በልተሃል?»

አልበላሁም ነበር። በልቻለሁ ብዬ ልጽፍ ስል ዓይኔ እንባ ሞላ። ቆይተው መልስ ሲያጡ ወጥተው አዩኝ። ቦርሳቸውን አንሥተው፣ «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ሽሮ ለሁለታችንም ይሆናል። ና እንሂድ» አሉኝ።

ራሕማን ሰላም በልልኝ፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ፖስት ካርዱ ሞላ፤ አንተ ግን ረዘም አድርገህ ጻፍልኝ።

ጣሃ
ቦሌ፣ ሐምሌ 1990