የፈትሂያ ድምፅ

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20
ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ እስከ ስድስት ሰዓት ተኛሁ። ስነቃ ፈትሂያ ፍራሹ ጥግ ቁጭ ብላ ከፋብሪካ ያመጣሁላትን ባዶ የክር ማጠንጠኛ ትደረድራለች። ጫማዋን ብቻዋን ማድረግ ችላለች፤ ግራና ቀኙን ግን አሁንም ታምታታለች። የገዛንላት የትምህርት ቤት ቦርሳ ከእሷ ይበልጣል... ነገ ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ሳንመዘግብ ልጆቹን እንይ ብለዋል። ምኑን ነው የሚያዩት? ልጄን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ "ጨዋ" ነው የሚላት።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 21
ተናድጃለሁ።
መምህርቷ ሳምሪ ትባላለች። ፊቷ ጥሩ ነው። "ስምሽ ማነው?" አለቻት። ፈትሂያ ነገረቻት። "አልሰማሁሽም፣ የኔ ቆንጆ።" ደግማ ነገረቻት። የአባትሽስ? እሱንም። የምትወጂው ምግብ? ሁሉንም መለሰች! አጠገቧ ሆኜ እያንዳንዷን ቃል ሰምቻለሁ። ሳምሪ ግን ወደ እኔ ዞራ፣ "ትናገራለች?"
ትናገራለች ወይ ትለኛለች!
ዳይሬክተሩ ደግሞ፣ "ሐኪም ያሳዩዋት። እንዲህ ከሆነ ዘንድሮ መቀበል ይከብደናል..."
ቤት ስንገባ፣ "ለምን ጮክ ብለሽ አልነገርሻትም?" አልኳት።
ጆሮዬ ስር መጥታ፣ "የተኛ ሰው ቢኖርስ?"

ሐሙስ፣ ነሐሴ 22
ከትናንት ጀምሮ የማስበው ይቺኑ ንግግሯን ብቻ ነው። ያለን አንድ ክፍል ቤት ነው። ባሌ እንድሪስ በጠዋት ሚኒባሱን ይዞ ወደ ደሴ ይወጣል። እኔ ቀን እተኛለሁ። ፈትሂያን የሚይዙልኝ የቤቱ ባለቤት እትዬ ከሪማ ናቸው። "እሽሽ፣ እማ ተኝታለች"... አራት ዓመት ሙሉ። ሰው ቀን ቀን የሚያወራው በሹክሹክታ ይመስላታል። ስታስነጥስ እንኳ ትራስ ውስጥ ነው። ማን አስተማራት? እኔ ደግሞ ዝምተኛ ናት ብዬ እኮራባት ነበር። ለካ እንቅልፌን ስትጠብቅ ነው የኖረችው። ሱብሃነላህ... ይቺ ጩጬ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 26
አለቃዬን የቀን ፈረቃ ለመንኩት። "ተራሽ ገና ነው።" እትዬ ከሪማ ነገሩን ሲሰሙ አለቀሱ።
"እኔ ነኝ ያፈንኳት፣ ወላሂ!"
"ኧረ እትዬ፣ እርስዎ ምን አደረጉ? ለእኔ ብለው ነው።"
"አብሽሪ። ልጅ አይደለች? አንደበቷ ይፈታል።"
ፈትሂያን ጩኺ እላታለሁ። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች... ከዚያ በሹክሹክታ፣ "እሺ።" ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

እሑድ፣ ጳጉሜ 2
ቦርከና ወንዝ ይዣት ወረድኩ። ሞልቷል። ጩኸቱ የራስን ድምፅ አያሰማም። "ራሂማ!" ብዬ ስሜን ጮህኩ። እኔስ ከጮህኩ ስንት ጊዜዬ? አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው አዩኝ። አበደች ብለው ይሆናል። ይበሉ።
ፈትሂያ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ጎንበስ አልኩ።
"ሰው ቢነቃስ?"
"ሰው ሁሉ ነቅቷል፣ የኔ ዓለም።"
ዙሪያዋን አየች። ከዚያ... "ፈትሂያ እንድሪስ!"
ያ ድምፅ ከየት መጣ? ወፍራም ነው፣ ጎርነን ያለ። የእኔም አይደለም፣ የአባቷም አይደለም። የራሷ ነው። የወለድኳትን ልጅ ድምፅ ገና ዛሬ ሰማሁት! ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷም ደንግጣ ጉሮሮዋን ያዘች። ቀጥላ ሳቀች። ከዚያማ ማን ያስቁማት።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 4
መልሼ ወሰድኳት። ሳምሪ ሰማቻት። ተመዘገበች። አልሐምዱሊላህ።

ሰኞ፣ መስከረም 5
ከፋብሪካ በቀጥታ ትምህርት ቤት። ፈትሂያን እትዬ ከሪማ አምጥተውልኛል። ሳምሪ ስም ጠራች። "አቤት!" አለች ፈትሂያ። የሚያለቅሰው ልጅ ሁሉ ማልቀሱን ረስቶ ዞረ። እሷ ወደ እኔ አልዞረችም። ገባች። በቃ፣ እንዲህ ነው እንዴ?
ቤት ገብቼ ጋደም አልኩ። ዛሬ እንቅልፍ አይወስደኝም ብዬ ነበር... ወስዶኛል። እትዬ ከሪማ ናቸው ሄደው ያመጧት። ገና ከግቢው በር ጀምሮ፣
"እማ! ተነሺ! ተነሺ እንጂ፣ ልነግርሽ ነው!"
በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀሰቀሰችኝ። ተነሳሁ።