ባሕሩ የወሰደው የእናታችን መቃብር

ይድረስ ለወንድምጋሼ ለቢራማ፣ ኑዋዲቡ።

እንደምን ሰነበትክልኝ? ያ የጎንህ ውጋት ተወህ? ባለቤትህ ሠይናቡስ በሰላም ተገላገለች? ሕፃኑ ጡት ይይዛል? እኔ፣ ለአላህ ምስጋና ይድረሰውና፣ ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ።

«ክረምቱ ሳይገባ የእናታችን ዐፅም ከደሴቷ መንደራችን ወጥቶ የብሱ ላይ፣ ጋንዲዮል፣ ከአባታችን ጎን ይረፍ» ያልከው ደብዳቤ በሰኔ ደርሶኝ ነበር። አጎታችን ማሳምባ ከባሕር እስኪመለስ ብዬ ቆየሁ። ከዚያ ዓሣ በዛ፤ ሳደርቅ ሰነበትኩ። ከዚያ ጾም ገባ።

ባለፈው ማክሰኞ ሄድን። መንደራችን የለም። የዛሬ ስድስት ዓመት ከተማዋን ከወንዙ ሙላት ለማዳን ወንዙን ከባሕሩ የሚለየውን የአሸዋ ምላስ ሲቆርጡት ቦዩን ሮጠህ ዘለልከው፣ አስታወስክ? ዛሬ ሰፍቶ ማዶ የቆመ ሰው አይለይም። ባሕሩ በዚያ ይገባል።

ማሳምባ ጀልባውን በዘንግ እየገፋ፣ «ይኸ የእነ ንጋኝ ግቢ ነው። ይኸ መስጊዱ ነው፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ይለኝ ነበር። መቃብሩ ጋ ስንደርስ ዘንጉን ሰደደው፤ መሬት አልነካም። «እህቴን!» ብሎ ተንሰቀሰቀ። ቀና ብሎ ቢያየኝ ከጀልባው ውሃ በጣሳ እየቀዳሁ እደፋለሁ። «አልቅሺ እንጂ አንቺ ልጅ! ድንጋይ ነሽ እንዴ?»

«ጀልባው ውሃ እያስገባ ነው» አልኩትና መቅዳቴን ቀጠልኩ።

ከተማዋስ ድናለች። ዳካር የመዲናነት ወንበሯን ሳትነጥቃት በፊት ሹማምንት የሠሯቸው ቤቶች እንደ ቆሙ ናቸው። የብረት ድልድዩንም እያደሱት ነው። ዓሣዬን ተሸክሜ በዚያው አልፋለሁ።

ስለ ዐፅሟ ኢማሙን ብጠይቃቸው «የባሕር ሆድም ከፈጣሪ አይሰወርም» አሉኝ። አሜን አልኩ።

ማሳምባ «ደብዳቤው ሳይደርሰን ነው ባሕሩ የወሰዳት ብለሽ ጻፊለት፤ ምን ቸገረሽ?» ብሎ መክሮኝ ነበር። እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም። ደብዳቤህ በደረሰ ሰሞን ጎረቤታችን ማጌት በጀልባ ስታልፍ የመቃብሩን እንጨት ቆሞ አይታዋለች፤ ነግራኛለችም። የቆየሁት እኔ ነኝ። ተቆጣኝ፤ የሚቆጣኝ ሰው አጥቻለሁ።

ሠይናቡን እንኳን አላህ ማረሽ ብላለች በልልኝ። ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ። ማሳምባ ጉልበቱን ከማመሙ በቀር ደህና ነው፤ ሰላም ብሎሃል። ማጌትም ሰላም ትልሃለች።

እህትህ ንጎኔ
ሴንት ሉዊ፣ መስከረም 28 ቀን 2009 እ.ኤ.አ.