በመስኮት ቁጥር አራት ስላለው እስክሪብቶ

ለተከበሩ የወታደራዊ ደኅንነት ማጣሪያ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በመስኮት ቁጥር አራት ስላለው እስክሪብቶ አቤት ለማለት ይህችን ጽፌያለሁ። የተቋጠረበት ክር ከስንዝር ስለማይበልጥ ባለጉዳይ ሁሉ የሚፈርመው ጉንጩን ከባንኮኒው አጣብቆ ነው። የአገር ምስጢር ለማን እንደሚታመን የሚወስን ቢሮ እስክሪብቶ ለማንም አለማመኑ ጥንቃቄዎን ያሳያልና አመሰግናለሁ።

አንዴ ከጀመርኩ አይቀር፣ ጥቃቅን ነገሮች ልጨምር።

፩. የእህቴ ልጅ የጦር ሬዲዮ ጠጋኝ ናት። የማጣሪያ ቅጻችሁ «ታስረው ያውቃሉ?» ቢላት «አዎ፣ አንድ ሌሊት» ብላ ሞላች። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር ነው እያልኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ እናንተ ደጅ እየመሸባት ግን እነሆ አራት ወር ሆናት። እስከ ዓርብ የእናንተን ማለፊያ ካላገኘች ቦታዋ ለሌላ ይሰጥና እሷ ወደ ብርድ ልብስ መጋዘን ትላካለች።

፪. ወንጀሉን በተመለከተ፣ ከስድስት ዓመት በፊት በሰፈራችን መንገድ መሐል በተቦረቦረው ጉድጓድ ውስጥ «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ የተከልኩት እኔ ነኝ። እሷ ቀለሙን ይዛልኝ ነበር። ፖሊስ ሲመጣ እኔ፣ አጎት ተብዬው፣ እግሬ አውጪኝ ብዬ አጥር ዘለልኩ፤ እሷ ቀለሙ እንዳይደፋ ስትጠነቀቅ ተያዘች። ሌሊቱን ሙሉ «ማን ተከለው?» ቢሏት ስሜን አልተነፈሰችም። ክቡር ሆይ፣ ምስጢር ጠባቂ ፍለጋ ላይ እንደሆናችሁ ሰምቼ ነበር፤ ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። ሰሌዳው ተነሥቷል፤ ጉድጓዱ ግን እስካሁን በሥራ ላይ ነው።

፫. ቢሮዎ መታሰሯን አምኖ መፈታቷን ተጠራጥሯል። «የተፈታሽበትን ወረቀት አምጪ» ተባለች። ጣቢያው ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል። ደግሞስ የምን ወረቀት? አንድ ሃምሳ አለቃ በሩን ከፍቶ «ሂጂ፣ ሁለተኛ እንዳላይሽ!» ብሎ ነው የለቀቃት። ምስኪኑ ጡረታ ወጥቶ አሁን የእናንተው በር ጥበቃ ነውና በየማለዳው ያያታል፤ ቦርሳዋን እየፈተሸ «ዛሬም አልለቀቁሽም?» ይላታል። እሱ ይመስክርልኝ ብትል የመስኮት አራቷ ጸሐፊ «ጥበቃ ሥራው በር ላይ ነው፤ ፋይል ውስጥ ምን አገባው?» አለቻት። እንግዲህ ካልተፈታች አምልጣለች ማለት ነው። ያመለጠች እስረኛ አራት ወር ሙሉ እየፈተሻችሁ ስላስገባችሁ፣ ለንቃታችሁ ልዩ ምስጋና አቀርባለሁ።

፬. አራተኛው ከሁሉም የሚብሰው... ይቅርታ፣ በር ተንኳኳ።

ተመልሻለሁ። የመጣው ሃምሳ አለቃ ነው፣ ከነደንብ ልብሱ። «ጋሼ፣ የለቀቅኳት እኔ ነኝ፤ ልፈርምላት መጣሁ» አለኝ። ስለዚህ አራተኛው ይቅር።

በቢሮዎ ትዕግሥት ሁሌም የሚደነቅ፣ ሰሌዳ ተካይና አጥር ዘላይ አጎት

እማኝ፦ የለቀቃት ሃምሳ አለቃ (ፈርሟል)

ድኅረ ጽሑፍ፦ እማኙ የፈረመበት እስክሪብቶ ለእርስዎ እንግዳ አይደለም፤ ክሩም ከነቋጠሮው አብሮ አለ። ዓርብ የእህቴ ልጅ ማለፊያዋን ስትቀበል ይመለሳል። ማን እንዳመጣው ብትጠይቁኝ እስኪነጋ አልተነፍስም፤ ይህን ከእሷ ተምሬያለሁ። ልታስሩኝ ከመጣችሁም ጉልበቴ ከእንግዲህ አጥር አያዘልለኝም፤ ስትለቁኝ ብቻ የተፈታሁበትን ወረቀት አደራ።