ከቬርሞንት የመጣው ጠርሙስ

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 25

የልጃችን የሳምሪ እጮኛ አባት ባለፈው ወር ከቬርሞንት አንድ ጠርሙስ ሜፕል ሲረፕ ልከውልን ነበር። ከግቢያቸው ዛፎች የሚንጠባጠበውን ውሃ ሰብስበው፣ እንደ ማር እስኪወፍር ቀኑን ሙሉ አፍልተው ራሳቸው የሠሩት ነው።

ባለቤቴ ጌታቸው ልጁ ፈረንጅ ላገባ ነው ካለችው ወዲህ ስለ ሰርጉ ትንፍሽ አይልም። ጠርሙሱንም እንዳየው፣ "እዚህ ፌርፋክስ ላይ ማር ጠፋ እንዴ፣ የግንድ ውሃ የምንበላው?" አለኝ። ሶ ጠርሙሱን ከፍቼ ጨጨብሳው ላይ አፈሰስኩበት። ቀና ሳይል ጨረሰ።

"ጭስ ጭስ ይላል" አለ። ቀጥሎ ደግሞ "ጨምሪበት እስቲ።"

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እሱው ነው ጠርሙሱን የሚያወርደው። ዛሬ ጠዋት አለቀ። ልጥለው ስል ከእጄ ነጠቀኝና ሲንኩ ጋ ቆሞ በሙቅ ውሃ ያጥበው ጀመር። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር ዕቃ ሲያጥብ አይቼው አላውቅም።

"ምን ልታደርገው ነው?" አልኩት።

"የሰው ዕቃ ባዶውን ይመለሳል እንዴ? ማር ሙይበት።"

"ኦኬ፣ ሰኞ በፖስታ እልከዋለሁ።"

"በፖስታ ይሰበራል" አለ፣ ፊቱን ሳያዞር። "ራሳችን እናደርስላቸዋለን።"

ለሳምሪ ልደውል ስልኬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እሱ ራሱ ይንገራት።